ቡሉክባሽ ወልዱ ያሠለጠኑን ሰሞን

ቡሉክባሽ ወልዱ መሞታቸውን የነገረኝ ከአስመራ ጨርቅ እየጫነ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ጉንደ ወይን ላይ ጎማው ተበላሽቶበት እስኪጠገን ጠላ ቤት ተቀምጦ ነበር። ወግ ጀመርንና የሠራየ ሰው መሆኑን ሲነግረኝ፣ እንዲያው በነገር መሐል ጠየቅሁት።

«ወልዱ የሚባሉ፣ በጣልያን ጊዜ ቡሉክባሽ የነበሩ፣ የግራ ጆሯቸው ጫፍ የተቆረጠ ሰው ታውቃለህ?»

«አባ ወልዱን? እንዴት አላውቅም! ባለፈው ሁዳዴ አረፉ እኮ። ቀብራቸው ላይ ያልተገኘ ሰው አልነበረም።»

ጠላዬን አስቀመጥሁ።

«ዘመድዎ ናቸው?» አለኝ።

«አይደሉም።»

«ወዳጅዎ?»

ጠላዬን መልሼ አነሣሁ።

«ታዲያ ጠላትዎ ነበሩ?» ብሎ ሳቀ።

እሱ ለጨዋታ የጠየቀኝን እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ነፍስ ይማር ለማለት አፌን ከፈትሁና ሳልል ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁም አላውቅም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዲማ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ፣ ማንበብና መጻፍ ግን የማያቅተኝ ሰው ነበርሁ። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ካገሬው ፖሊስ መመልመል ፈለገና ሹማምንቱን «ከየአጥቢያችሁ ጠንካራ ሰው አምጡ፤ የሚጽፍ ካለ እሱ ይቅደም» አላቸው። የኛ ጭቃ ሹም የራሱን ልጅ ለማስቀረት እኔን ሰጠ። ይህን የምለው ራሴን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። መጥፋት እችል ነበር፤ አልጠፋሁም። ያገሬ ልጆች ጮቄ ተራራ ላይ ከአርበኞች ጋር በውርጭ ሲጠበሱ እኔ የጣልያን ካኪ ለበስሁ፤ ቀይ መቀነት ታጠቅሁ። ጣልያኖቹ ዛፕትያ ይሉን ነበር። ሕዝቡ ግን ባንዳ ነበር የሚለን።

አሠልጣኛችን ቡሉክባሽ ወልዱ ነበሩ። ቡሉክባሽ ጣልያን ላገር ሰው የሚሰጠው፣ እንደ ሃምሳ አለቃ ያለ ማዕረግ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በየማለዳው የሚላጩ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው የትግርኛ ዜማ ነበረው። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ አይጮኽም፤ ስለዚህ በተቆጡ ቁጥር ሁላችንም ወደ ፊት ዘንበል ብለን እናዳምጣቸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አለንጋ ጠብቀን ነበር። እሳቸው አሰለፉንና፣ «ከበሩ እስከዚህ ስትመጡ ምን አያችሁ?» አሉን።

«ምንም።»

«ውጡና እንደገና ግቡ።»

ወጣን፤ ገባን። «አሁንስ?» አንዱ ዛፍ አለ፤ ሌላው ዘበኛ አለ። «ውጡና ግቡ።» ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ስንወጣ ስንገባ ዋልን። በመጨረሻ አድማሱ የሚባል የይጁቤ ልጅ ከሰልፉ ወጣ።

«ዘበኛው ቀኝ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ከግንቡ ሥር የተኛችው አህያ እርጉዝ ናት። ከመስኮቱ ኋላ አንድ ጣልያን ሆዱን ይዞ ይስቅብናል።»

ቡሉክባሽ ወልዱ ወደ መስኮቱ ዞረው አዩ። እውነትም ይስቅ ነበር። «አንተ ተቀመጥ» አሉት አድማሱን። «አንተ ፖሊስ ነህ። እነዚህ ገና ናቸው።»

አድማሱ ፈንቴ ፊደል አይቆጥርም ነበር፤ አንዴ ያየውን ፊት ግን አይረሳም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እጽፍለታለሁ፣ እሱ ያይልኛል። በአንድ ገበታ እንበላ ነበር።

ትምህርቱ ጠዋት ሰልፍ፣ ቀጥሎ ወንበር ላይ ነበር። ሰውን ሳይጎዱ ማሰር፣ ሴትን ሳይነኩ መፈተሽ፣ የጠፋ ሰውን መልክ ከጠጉሩ እስከ ተረከዙ በተራ መናገር፣ ቃል መቀበል። ከሁሉ ይልቅ ቃል መቀበል ላይ ይከርሩ ነበር። «መጀመሪያ ውሃ ስጠው። ጉሮሮው የደረቀ ሰው ቶሎ ለመገላገል ይዋሻል» ይሉናል። «የታሰረ ሰው ከመታህ የምትሰማው ያንተን ዱላ ነው እንጂ የሱን ቃል አይደለም» ይሉናል። «ያልሰማኸውን አትጻፍ፤ ያልገባህን ሁለት ጊዜ ጠይቅ» የምትለውንማ እንደ ጸሎት ነበር በየማለዳው የሚያስደግሙን።

እኔ ግራ ይገባኝ ነበር። ማሬሻሎው፣ ማለት ጣልያኑ አለቃችን፣ በአንድ ቃል መንደር ያስቃጥላል። ያለ ጥያቄ የሚረሸን ሰው በየሳምንቱ አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለማን ነው? አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ጌታዬ፣ ማሬሻሎው እንደሆነ የጻፍነውን አያነበው። ምን ያደርግልናል?»

«አንተ ታነበዋለህ» አሉኝና ሄዱ።

የወንበሩ ትምህርት የመጀመሪያ ክፍል ሲያልቅ እያንዳንዳችን ከአንድ ነባር ዛፕትያ ኋላ ሆነን ገበያ ለገበያ ዞርን። ከዚያ ፈተና መጣ። ምልምሉ በማሬሻሎው ፊት የአንድ እስረኛ ቃል ተቀብሎ ይጽፋል። ያለፈ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ የወደቀ ወደ መንገድ ቁፋሮ ይላካል። ከመንገድ ቁፋሮ በጤና የተመለሰ ሰው አላውቅም።

ለኔ የደረሰችኝ ጥሩነሽ የምትባል የይጁቤ ጨው ነጋዴ ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ጨው በያዘ ስልቻዋ ውስጥ ጥይት ተገኝቶባታል። ለአርበኞች ልታደርስ እንደነበር እኔም አውቃለሁ፤ ግድግዳውም ያውቃል። የጠቆመቻት ዘውዴ የምትባል ጎረቤቷ ስትሆን፣ ዘውዴ የማሬሻሎው ጆሮ መሆኗን ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ማሬሻሎው ጠረጴዛው ዳር ተቀምጧል። አስተርጓሚው ታሞ ስለነበር ቡሉክባሽ ወልዱ ራሳቸው ሊያስተረጉሙ ቆመዋል። ለጥሩነሽ ውሃ ሰጡልኝ። ጠጣች። ብዕሬን ነክሬ ጠየቅሁ።

«ጥይቱን ማን አስያዘሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ያስያዘችኝ ጎረቤቴ ናት።»

«ማን?»

«ዘውዴ ናታ! ሌላ ማን ያስይዘኛል?»

ብዕሬን አቆምሁ። እኔ የጠየቅሁት ጥይቱን ተሸከሚ ብሎ የሰጣትን ሰው ነው። እሷ የመለሰችው ጠቁሞ ያስያዛትን ነው። ዲማ በተቀመጥሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያች ያለች ሰሟም ወርቋም የሚገድል ቃል አልሰማሁም። እንደተማርሁት ከሆነ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ወደ ቡሉክባሽ ወልዱ ዞርሁ። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሰማኸውን ጻፍ።»

ጻፍሁ። እሳቸው በጣልያንኛ ተናገሩ። ማሬሻሎው «ዘውዴ?» ብሎ ከወንበሩ ሲነሣ አየሁ። በዚያው ቀን ዘውዴ ተይዛ መጣች። ሁለቱ ሴቶች እየተወነጃጀሉ፣ እየተራገሙ ሰነበቱ። ማሬሻሎው ማን ጥይት እንደሰጠ፣ ማን እንደጠቆመ፣ ማን እንደዋሸ መለየት አቃተው። በመጨረሻ ሰለቸውና ሁለቱንም አባረራቸው። ዘውዴን ከዚያ ወዲህ አላመናትም።

ወረቀቴ ላይ ማኅተም ሲመታልኝ ቡሉክባሽ ወልዱን በቀስታ «ጌታዬ፣ ቃሉ እኮ ሁለት መንገድ ነበረው» አልኋቸው።

«ነበረው እንዴ?» አሉ። «የጎጃም ሰው አንድ ነገር ሲናገር ሁለት ይላል። እኔ ሠራየ ተወልጄ እሱን ከየት አውቀዋለሁ? አንዱን ሰማሁ፣ አንዱን ነገርሁ።»

አፋቸው ይህን አለ። ዓይናቸው ግን የሳቀ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው።

ያን ዕለት ለአድማሱ «ሰውዬው የኛ ናቸው» አልሁት። ስለ ጥሩነሽ አንድም ሳላስቀር አጫወትሁት። አድማሱ እስክጨርስ ሰማኝና፣ «እንግዲያውስ ልንገርህ» አለ። ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጮቄ ሊገባ ቆርጧል። ስንቁን አዘጋጅቷል።

«አብረን እንሂድ» አለኝ።

«እስኪ ላስብበት።»

«አስብ። እኔ ለቡሉክባሽ እነግራቸዋለሁ። የኛ ከሆኑ መውጫውን ያሳዩኛል፤ ምናልባትም አብረውን ይመጣሉ።»

ተው አላልሁትም። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ ቡሉክባሽ ወልዱ ወደ ማሬሻሎው ቢሮ ገቡ። ሲወጡ ሁለት ጣልያኖች አብረዋቸው ነበሩ። «አድማሱ ፈንቴ፣ ከሰልፍ ውጣ» አሉ። አድማሱ ወጣ። መኝታው ሲፈተሽ ቆሎ የሞላ አቁማዳና የጠፉ ጥይቶች ተገኙ። አድማሱ ቡሉክባሹን አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። አንዴ ያየውን የማይረሳው ልጅ እንዴት አድርጎ እንዳየኝ እኔም አልረሳሁም። በሦስተኛው ቀን ከከተማው ወጣ አድርገው ረሸኑት።

ያን ቀን ቡሉክባሽ ወልዱ ከክፍላቸው አልወጡም። በማግሥቱ እንደ ልማዳቸው ጢማቸውን ተላጭተው መጡና ከሰልፍ በኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡን። «ዛሬ የምንማረው ስለ ተሰረቀ ከብት ፍለጋ ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ጥሩነሽን ያተረፉት ሰው የትኛው፣ አድማሱን የሰጡት ሰው የትኛው እያልሁ ፊታቸውን እመረምራለሁ፤ ያው አንድ ፊት ነው።

ኋላ ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ ማዶ ሲያፈገፍግ እኛ ዛፕትያዎቹ በአንድ ቀን ተበተንን። እኔ አርበኞች ውስጥ ዘመድ ነበረኝና ማሩኝ። ቡሉክባሽ ወልዱ ግን አልሸሹም። ሰፈሩ ባዶ ሆኖ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አርበኞቹ አገኟቸው። አሠሯቸው።

ከጣልያኑ እህል መጋዘን ፊት ለፊት ሸንጎ ተቀመጠ። ዳኛው አንድ ግራዝማች ነበሩ። የአድማሱ አባት አያ ፈንቴ ከይጁቤ ተጠርተው መጡ። ግራዝማቹ ምስክር አሉኝ። ያየሁትን ተናገርሁ። የጥሩነሽን ነገር ተናገርሁ፤ የአድማሱንም ተናገርሁ። ጥሩነሽ ራሷ ከሰዉ መሐል ተነሥታ «እኔን አትርፈውኛል፤ ይህን መካድ አልችልም» አለች። ሸንጎው ተንጫጫ። ግማሹ ይሰቀል ይላል፤ ግማሹ ይማር ይላል። ግራዝማቹ ራሳቸውን አከኩ።

«እኔ ፍርዱ ጠፍቶብኛል» አሉ። «ባለ ደሙ አያ ፈንቴ ናቸው። ይጠይቁት፣ ይፍረዱት።»

አያ ፈንቴ ጠመንጃ አልባ፣ ዱላ ብቻ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ቡሉክባሹ ፊት ሄደው ቆሙ።

«ልጄን አንተ ነህ የሰጠኸው?»

«እኔ አይደለሁም ብል ይቀልለኝ ነበር። እኔ ነኝ።»

«ሊጠፋ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ራሱ መጥቶ ነገረኝ።»

«ላንተ? ለጣልያን ሹም? ምን አግኝቶ አመነህ?»

«የኛ ናቸው» ያልሁት እኔ ነበርሁ። ቡሉክባሽ ወልዱ ወደኔ አልዞሩም። የቆምሁበትን ግን ያውቃሉ።

«እንጃ» አሉ። «አመነኝ።»

«ተው ብለህ አትመክረውም ነበር?»

«መከርሁት። አልሰማኝም። ማሬሻሎው ቀደም ሲል ከሌላ ሰፈር ሁለት ዛፕትያ ጠፍተውበት ነበር። ጠርቶ አስጠንቅቆኛል፤ ከምልምሎችህ አንድ ቢጠፋ ከቀሩት አሥር ይረሸናሉ ብሎኛል። አንዱን ሰጥቼ አሥሩን አስቀረሁ። ያደረግሁት ይህ ነው።»

አያ ፈንቴ ረዥም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ልጃቸው አንዴ ወደ ቤታቸው ወስዶኝ ስለነበር ያውቁኛል፤ በእጃቸው አጉርሰውኛል።

«ዓለሙ፣ ከአሥሩ አንዱ አንተ ነህ?»

«እንጃ፣ አያ ፈንቴ።»

«ይህን ነገር ያን ጊዜ ሰምተኸዋል?»

«አልሰማሁም።»

«ሐሰት ነው ትላለህ?»

«አልልም። አላውቅም።»

አያ ፈንቴ ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «እኔ ከቤቴ ስወጣ የምገድለው ሰው አለ ብዬ ነበር የወጣሁ» አሉ። «ይህ ሰው ግን አልገባኝም። ያልገባኝን ሰው አልገድልም። ፍቱት፤ ካገሬ ይውጣ።»

ከዚያ እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ ቁጭ አሉ። የሚያነሣቸው ሰው አልነበረም።

ሕዝቡ መንገድ ላይ እንዳይገድላቸው ግራዝማቹ ሸኛቸው ብለው እኔን አዘዙኝ። ወደ ደንበጫ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ማንም ከማያየን ስንደርስ ሕዝቡን ፈርተን ያልፈታነውን ገመድ ፈታሁላቸው። የእጃቸውን አንጓ እያሻሹ ቆሙ።

«ጌታዬ» አልሁ፤ «ማሬሻሎው እውነት እንደዚያ ብሎ ነበር?»

ገመዱን ከመሬት አንሥተው ጠቀለሉት።

«ሲቆጣ የመንደሩን ቋንቋ ነበር የሚናገረው» አሉ። «ከደሴት የመጣ ሰው ነው፤ የራሱ ወገኖች እንኳ አይሰሙትም ነበር። ያን ቀን ጠረጴዛውን እየደበደበ ተናገረ። የሚጠፋ ቢኖር ሲል ሰማሁ። ዲዬቺ ሲል ሰማሁ፤ አሥር ማለት ነው። ሌላው አመለጠኝ። አሥር ሰው ይሁን፣ አሥር ዓመት እስራት ይሁን፣ አሥር ጅራፍ ይሁን…»

«አልጠየቁትም?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ያልገባህን ሁለት ጊዜ ጠይቅ ያሉን እርስዎ?»

«እኔ» አሉ። «ያን ጊዜ ፈራሁ። ኋላ አድማሱ መጥቶ ሲነግረኝ ተመልሼ መጠየቅ አልቻልሁም፤ ብጠይቀው ማን ሊጠፋ አሰበ ይለኛል።»

«ልጁ ከሞተ በኋላስ?»

«ከሞተ በኋላ ማወቅ አልፈለግሁም።»

አንድ ነገር ልላቸው ፈለግሁ። መስደብም፣ እጃቸውን መሳምም ቃጣኝ። ሁለቱንም ሳላደርግ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ካኪ ኮታቸውን አውልቀው ከመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ላይ አኖሩት፤ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ወደ ሰሜን ሄዱ። ዞረው አላዩኝም። ኋላ እኔም በነጻነት ዘመን የፖሊስ ምልምል ሳሠለጥን ነው የኖርሁት፤ ያስተማርሁትም ሁሉ የሳቸውን ነው። ካስተማሩኝ ውስጥ የምጥለው አንድም አላገኘሁም። ለተማሪዎቼ ግን ከማን እንደተማርሁት አልነገርኋቸውም።

ስመለስ ሸንጎው ተበትኗል። አያ ፈንቴ እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ እንደተቀመጡ ናቸው። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ምን ነገረህ?» አሉኝ።

«መንገድ ጠየቁኝ» አልሁ።

«አሳየኸው?»

«አሳየኋቸው።»

አያ ፈንቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱላቸውን አነሣሁላቸው፤ ደግፌ አቆምኋቸውና አብረን የይጁቤን መንገድ ያዝን።